ካታሊስቱ ታድሶም ምርት ከወረደ፣ ሙቀቱን ገና አትንካው

ወንድሜ፣ «ፕሮፔንን ወደ ፕሮፒሊን የምንቀይርበት የፕላቲነምና ቲን ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥነው ቁስ) ታድሶም ምርቱ አልመለስ አለ፤ አለቆቼ ሙቀት ጨምር ይሉኛል» ያልከውን ሳነብ የእኛው ፕላንት መሰለኝ። ሳውዲ አረቢያ፣ ጁቤል በዚሁ ሥራ ላይ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

1. ችግሩ ካርቦን ነው ወይስ እርጅና? መጀመሪያ ይህን ለይ። ኮክ የምንለው ካርቦን ሲቃጠል ይለቃል፣ ካታሊስቱም ይመለሳል። እርጅና ግን የፕላቲነሙ ቅንጣቶች በሙቀት ተሰባስበው ሲያድጉ ነው። ፕላቲነሙ እዚያው አለ፤ ጋዙ የሚነካው ገጽ ግን ቀንሷል። ይህን በማቃጠል አትመልሰውም፤ በክሎሪንና በኦክስጅን ፕላቲነሙን እንደገና መበተን ያስፈልጋል። ፕላቲነሙን የተሸከመው አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ራሱ ከተበላሸ ደግሞ መበተኑም ዋጋ የለውም።

2. ከማደሻው የወጣ ናሙና ውሰድና የካታሊስቱን ኳሶች በምላጭ ሰንጥቅ። ኳሷ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነች ማጉያ መነጽር ያዝ። ውጪው ጠርቶ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ቃጠሎው አላለቀም ማለት ነው።

እኛ ጋ ያን ነጥብ ለአለቃዬ አሳየሁት። «የዚህን ወር ምርት ማን ይሙላልኝ?» ብሎ የሪአክተሩን መግቢያ ሙቀት አስጨመረ። ፕሮፔን ሃይድሮጅኑን ሲለቅ በሞል 124 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሙቀት ስትጨምር ምርቱ እውነትም ከፍ ይላል። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው። ግን ካርቦኑም አብሮ በዛ። በማቃጠያው ክፍል ኦክስጅን የሚያዘው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ፣ 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ የበዛውን ካርቦን መጨረስ አቃተው። መሃላቸው የጠቆረ ኳሶች ፕላቲነሙ በክሎሪን ወደሚበተንበት፣ ከታች ወዳለው ክፍል ወረዱ። እዚያ ኦክስጅኑ ብዙ እጥፍ ነውና ካርቦኑ ቦግ አለ። በእንዲህ ያለ ቃጠሎ የኳሱ ውስጥ ከ1000 ዲግሪ ሲያልፍ አሉሚናው አልፋ ወደሚባለው ዓይነት ይለወጣል። አልፋ አሉሚና ክሎሪን አይዝም፣ ፕላቲነሙንም በትኖ አያቆይም። መዳን የሚችል ካታሊስት በዚህ መንገድ ተበላሸ፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አቅራቢውን ብንጠይቅ ተወካያቸው ናሙናውን ሳያይ በአንድ መስመር ኢሜይል «የአሠራር ችግር ነው» ብሎ ዘጋው። የአሉሚናው የገጽ ስፋት ይለካ ብዬ የሞገትኩት እኔ ነኝ፤ ውጤቱ ሲመጣም ስብሰባው ላይ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ኳስ መሰንጠቅ የየሺፍቱ ሥራ ሆኗል፤ በዚህ እኮራለሁ።

3. ክሎሪኑን ተከታተል። ያንኑ የክሎራይድ (የተያዘ ክሎሪን) መጠን በካታሊስቱ ላይ ለማቆየት ከበፊቱ የበለጠ ክሎሪን መስጠት ካስፈለገህ የገጽ ስፋቱ እየጠበበ ነው። ይህን ከመዝገባችሁ ዛሬውኑ ማየት ትችላለህ፣ ላብራቶሪ አይጠብቅም።

የክሮሚየም ካታሊስት ያላችሁ ግን ይህን አትከተሉ። የእናንተ ክሮሚየም ከጊዜ ብዛት አሉሚናው ውስጥ ይሰርጋል፣ በክሎሪን አይመለስም፤ በ2 ወይም በ3 ዓመት መቀየር ነው። ስታወጡትም ተጠንቀቁ፣ ባለ 6 ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣልና አቧራውን ያለ መከላከያ አትቅረቡት።

ወንድሜ፣ ጥቁር ነጥብ ካገኘህ ሙቀቱን ከመጨመር ይልቅ የሚገባውን ፕሮፔን ቀንሱና ማቃጠያው ይድረስበት። ነጥብ ከሌለ ናሙናውን ለክሎራይድና ለገጽ ስፋት ላክና ቁጥሮቹን እዚሁ ለጥፍልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።