ድንኳን ወይስ አልጋ? ወደ ጓሳ ለምትወጡ ወገኖች

ገና ሲቃረብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዴንቨር ወይም ሚኒሶታ ኖረው ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር አጋዘን ማደን የለመዱ ልጆች ናቸው። "ሰሜን ሸዋ አደን አለ ወይ? ድንኳን ይዤ ልምጣ ወይስ ሆቴል ይሻላል?"

አደኑን ቶሎ እንጨርሰው። የለም። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። ሕጋዊው አደን የሚካሄደው ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች ነው። ለምሳሌ ባሌና አርሲ በኩል እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። እዚያም ቢሆን ፈቃድ ካለው አዳኝ ድርጅት ጋር ነው የምትገቡት፤ ድንኳን የሚተክለውም፣ ወጥ የሚሠራውም ድርጅቱ ነው። መንዝ ያለው ጓሳ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ክልል ነው። እዚያ የምታዩት ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቁጥሩ ከ500 በታች ነው። "ዘራፍ" ማለት ያማረው ሰርግ ላይ ይበል። ወደ ጓሳ የሚኬደው በካሜራ ነው።

ስለ ማደሪያው ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዘመድ ስትጠይቁ "ኧረ ሰላም ነው፣ ኑ!" ይላችኋል፤ ናፍቋችኋላ። ስለዚህ ትናንት ከዚያ የተመለሰ ሹፌር ጠይቁ። ላምበረት መናኸሪያ ሄዳችሁ የደብረ ብርሃንን፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ላይ ጓሳ አጠገብ ወዳለችው ከተማ ወደ መሀል ሜዳ የሚሄዱትን ሹፌሮች ብታናግሩ ከየትኛውም ዜና የተሻለ ትሰማላችሁ። ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ የሚቀረው ድንኳኑ ነው። ሰው የማያውቀው ድንኳን በማያውቁት ሜዳ ላይ መትከል በእንዲህ ያለ ጊዜ ለእናንተም ለአካባቢው ሰውም ጥሩ አይደለም። ጥርጣሬው ከበዛ ደግሞ ጉዞው ራሱ ለሌላ ዓመት ይቆይ። ጓሳ የትም አይሄድም።

መንገዱ ሰላም ነው እንበል።

አዳኝ ድንኳን የሚወድበት ምክንያት ይገባኛል። አሜሪካ ብዙ ስቴቶች ውስጥ አጋዘን መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ሞቴል ያደረው ሰው በሌሊት ተነሥቶ፣ መኪናው ላይ የተጋገረውን በረዶ ፍቆ፣ ነድቶ፣ በጨለማ ዳገት ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ጫካው አፍ ላይ ድንኳን የተከለው ግን ዚፑን ከፍቶ ይወጣል። እዚያ ድንኳን ጥቅም አለው።

ጓሳ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። የደጋው አይጥ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚበርደው ከጉድጓዱ የሚወጣው በቀን ነው። ቀበሮውም ተከትሎት በቀን ያድናል። ጭላዳ ዝንጀሮም እንደዚሁ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከዚያ ሣር ሲግጥ ይውላል። ደስ የሚለው ነገር ሁለቱን አብራችሁ ማየት መቻላችሁ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር 67 በመቶ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ዘዴው በሌሊት መነሣት ሳይሆን መንጋውን ማግኘትና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ሜዳው ላይ ከደረሳችሁ አልረፈደም።

ታዲያ መሀል ሜዳ አልጋ ይዞ፣ ሞቆት ተኝቶ፣ ቁርሱን በልቶ የመጣ ሰው ምን ቀረበት? ከእንስሳቱ በኩል ምንም። ደብረ ብርሃን አድሮ ደርሶ መልስ የሚለው ግን አያዋጣም። ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥላችሁ ገና ብዙ ትነዳላችሁ፤ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅባችኋል። በዚያ ላይ የጣርማበርን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። አመሻሽ ላይ እዚያ መድረስ አልመክርም።

ደብረ ብርሃን የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጓሳ ከ3,200 ተነሥቶ ከ3,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው በቀጥታ እዚያ ወጥቶ ቢተኛ ራሱን ሲያመው፣ እንቅልፍ ሲነሳው ያድራል። ዴንቨር ያላችሁም "እኛ ከፍታ ለምደናል" አትበሉ፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው፣ የጓሳን ግማሽ ቢሆን ነው። አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

አሁን ወደ ብርዱ። ዲያስፖራው የሚመጣው ለገናና ለጥምቀት ነው። ይህ ደግሞ ውርጭ የሚወርድበት ወቅት ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ሲመሽ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብዙዎች የማያስቡት የሌሊቱን ርዝመት ነው። አብዛኞቻችሁ ድንኳን የለመዳችሁት በአሜሪካ በጋ ነው፤ እዚያ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ገና ብርሃን አለ። እዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨልሟል። ነፋሱ ሲነሣ ውጭ መቀመጥ ስለማይቻል አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚያ እስኪነጋ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይቀራል። ለሁለት ወጣቶች ጨዋታ ነው። ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ግን ረጅም ነው። ከእናት ጋር ደግሞ በፍጹም አይታሰብም። እማማ ልጆቻቸውን ደስ ለማሰኘት "እኔ ምን ቸገረኝ" ይላሉ፤ አትመኗቸው፣ አልጋ ያዙላቸው።

ድንኳን የምትመርጡ ከሆነ ስሊፒንግ ባጋችሁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። ለአምስት ዲግሪ የተሠራ አይበቃም፤ ለአሥር ከዜሮ በታች የሚሆን ያዙ። ከሥር የሚነጠፈው ደግሞ ከላይ ከሚለበሰው አይተናነስም፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ብርድ ልብስ ግን ከውጭ ተሸክማችሁ አትምጡ፣ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ከተገኘ ደግሞ የመንዝ በግ ጠጉር ባና ግዙ። ይከብዳል፣ ትንሽም ይቧጥጣል፣ ግን እንደሱ የሚያሞቅ የለም። የምድጃ ጋዝ በአውሮፕላን አይፈቀድም፤ በእጅም በሻንጣም። ስለዚህ ማብሰያውን አዲስ አበባ ላይ አዘጋጁ፣ ወይም ጭራሽ ማብሰሉን ተዉትና በሶና ቆሎ ያዙ። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ድሮንና ባይኖኩላር ደግሞ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ሊያዙባችሁ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ አጣሩ። አረቄስ ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን አረቄ ስም ያለው ነው፣ ግን ለሙቀት ብላችሁ አትጠጡት። የሚሞቀው ቆዳ ብቻ ነው፤ የውስጡን ሙቀት ያወጣዋል። ከፍታው ላይ ደግሞ ራስ ምታቱን ያባብሰዋል።

አልጋ የምትይዙ ደግሞ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ሙቅ ውኃውን ከፍታችሁ እጃችሁን አስነኩ፤ "አለ" የሚለው መልስ መብራት እስካለ ነው። ጄኔሬተር ጠይቁ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሳይመሽ ጠይቁ፣ ከመሸ ያልቃል። ከታች ግሮሰሪ ካለ የኋላውን ክፍል ያዙ። ጥሬ ብር ይኑራችሁ፣ ቴሌብርም ይረዳል፤ የውጭ ካርድ ላይ አትተማመኑ።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ከባዱ ምርጫ በድንኳንና በሆቴል መካከል አይደለም። አጎታችሁ መሀል ሜዳ ወይም ሞላሌ ቤት ካላቸው፣ ስንት ዓመት ቆይታችሁ መጥታችሁ ሆቴል ማደር እሳቸውን መስደብ ነው። ድንኳንማ ጭራሽ! "ምነው ልጄ፣ ቤት የለንም ወይ? ሜዳ ላይ እንደ ከብት ጠባቂ?" ይሏችኋል፤ ጎረቤትም ይሰማል። በሌላ በኩል እሳቸው ቤት ስታድሩ በግ ይታረዳል፣ አልጋቸውን ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ይተኛሉ፣ ጠዋት "ሳትበላ አትወጣም" ይባልና ጓሳ የምትደርሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ወደ ዘመድ። ከደብረ ብርሃን ቀጥሎ ያለችውን ሌሊት እዚያ እደሩ፣ ብሉ፣ ተመረቁ። ስልክ ደውላችሁ ከመድረሳችሁ በፊት "አንድ ሌሊት ከእናንተ፣ ከዚያ ለሥራ ጓሳ እወጣለሁ" በሉ። "ለሥራ" የምትለዋ ቃል ብዙ ታቀላለች፤ ፎቶ ማንሳትም ሥራ ነው። ከተቻለ የአጎትን ልጅ አስከትሉ። መንገድ ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ አጎትም እንደተተዉ አይቆጥሩትም። ለበጉ ገንዘብ ለመስጠት ግን አትሞክሩ። ለልጆች ደብተርና ልብስ፣ ለእትዬ ነጠላ፣ ስትወጡ ደግሞ ትራስ ሥር የሚቀር ፖስታ። እንዲህ ነው የሚሰጠው።

ለጓሳው ሌሊት ደግሞ እዚያው ኅብረተሰቡ የሚያስተዳድረው ሎጅ አለ። ቅንጦት አትጠብቁ። ግን ግድግዳ አለው፣ ሰው አለበት፣ ድንኳን መትከያ ቦታም አለው። ብዙ ጊዜ ጥሩው መፍትሔ ይኸው ነው። ወጣቶቹ ደጅ ድንኳን ተክለው ኮከብ ሲቆጥሩ ያድራሉ፣ የደከመው ውስጥ ይተኛል፣ ሌሊት አንዱን ብርድ ቢያሸንፈው የሚገባበት ቤት አለ። ቦታ ሊሞላ ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉ። የምትከፍሉት ገንዘብ ጓሳውን ለሚጠብቁት ሰዎች ይደርሳል። መንዞች ይህን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ የጓሳ ሣሩ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ድንኳናችሁን ስካውቱ፣ ማለትም የጓሳው ጠባቂ፣ ባሳያችሁ ቦታ ትከሉ። ለምለም ስለሆነ ብቻ ረጅሙ ሣር ላይ አትዘርጉት፤ የሰው ጣሪያ ነው የምትረግጡት።

ስካውት ያለ ክፍያ ደረሰኝ አትያዙ፣ ያለ ስካውትም አትንቀሳቀሱ። ጭላዳው የት እንዳደረ እሱ ነው የሚያውቀው።

የምግብ ትራፊ ነገርም አለ። ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት ነገሮች ዋነኛው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ አጥንት ውሻ ይጠራል፣ ውሻው ከቀበሮው ጋር ይገናኛል። ከአጎት ቤት ተቋጥሮ የተሰጣችሁ የበግ ጥብስ ሲያልቅ አጥንቱን በፌስታል አስራችሁ መኪና ውስጥ አስቀምጡና ወደ ከተማ ይዛችሁ ተመለሱ። ውሻ ተከትሏችሁ ከመጣም አታጉርሱት፤ ለስካውቱ ንገሩት።