ኦፕቶሜትሪ ለምታስቡ ልጆች፦ መጀመሪያ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታችሁ ኦፕቶሜትሪ የምታስቡ ልጆች ስታገኙኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ጂፒኤ ስንት ይበቃል?» ብላችሁ ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። ኦፕቶሜትሪስት ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ አይታችኋል? አብዛኞቻችሁ አላያችሁም። ዕድሜዬን የሰው ዓይን ስመረምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። እናንተም እንድትወዱት ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ነገር ላጥራ፤ ቤት ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሳልና። ኦፍታልሞሎጂስት ሜዲካል ስኩል ጨርሶ በዓይን ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ነው። ኦፕቲሺያን መነጽሩን ለክቶ አስተካክሎ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ኦፕቶሜትሪስት ዓይን ይመረምራል፣ መነጽርና ኮንታክት ሌንስ ያዛል፣ የዓይን በሽታ ይለያል፣ የግዛቱ ሕግ በሚፈቅደው መጠን በመድኃኒት ያክማል። ትምህርቱ አገር ቤት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ በቀጥታ የሚገባበት የባችለር ዲግሪ ነው። እዚህ ግን ከኮሌጅ በኋላ ሌላ አራት ዓመት ነው። ወላጆቻችሁ «ለመነጽር ስምንት ዓመት?» ካሏችሁ አትቆጡ። ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሻዶው ማድረግን፣ ማለትም ሐኪም ሲሠራ ከጎን ሆኖ መመልከትን፣ ብዙዎች ማመልከቻ ላይ የሚሞላ ሰዓት አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከዝግጅቱ ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንዳለቀ በክረምቱ (በሰመሩ) ጀምሩት። ስልክ ደውሉ፤ ካልሆነም በአካል ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁና ግማሽ ቀን ብቻ ለምኑ። ግማሽ ቀን የሚከለክል ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ግን አይበቃም። የግል ክሊኒክ፣ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ያለ የዓይን ምርመራ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ፣ ከተቻለ የቬተራኖች ሆስፒታል እዩ። ሙያው አንድ ሆኖ ውሎው በጣም ይለያያል።

ክፍሉ ውስጥ ስትቀመጡ ማሽኑ ላይ ብቻ አታፍጡ። ሐኪሟ ፎሮፕተሩን፣ ማለትም ሌንሶች የሚቀያየሩበትን መሣሪያ፣ እያዞረች «አንደኛው ይሻላል ሁለተኛው?» ስትል ሰውየውን እዩት። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው «ሁለቱም አንድ ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖባቸው አይደለም፤ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼ የተሳሳተ መነጽር ይሠራልኛል ብለው ፈርተው ነው። ጎበዝ ሐኪም ይህ ይገባታል። ትንሽ ቆም ትላለች፣ «እዚህ ስሕተት የሚባል መልስ የለም፣ እኔ በሌላ መንገድም አረጋግጣለሁ» ትላለች፣ በሌንሶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ታሰፋዋለች። ያኔ ሰውየው ዘና ይላሉ፤ መልሳቸውም ይጠራል። ይህን መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም።

ወይም ደግሞ መነጽር ለማሳደስ ብቻ የመጣ ሰው ታያላችሁ። ሰሌዳው ላይ የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር ያነባል። ምንም አላመመውም። ሐኪሟ ግን የዓይኑ ነርቭ ላይ ግላኮማ፣ ነርቩን የሚጎዳ በሽታ፣ የሚያስጠረጥር ነገር አይታለች። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ነው እይታን የሚበላው፤ ሰውየው እስኪነቃ ብዙ ይሄዳል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። እንግዲህ ደህና ነኝ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ሳታስደነግጡት፣ ግን ነገሩን ሳታቃልሉ፣ እንዴት ትነግሩታላችሁ? ሐኪሟ እንዴት እንደምትነግረው ጆሯችሁን ሰጥታችሁ አድምጡ።

ሰልችቷችሁ ከወጣችሁም ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ለሁሉም አይሆንም። ይህን በሃያ ዓመታችሁ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ማታውኑ ያያችሁትን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሐኪሟን ስም መዝግቡ። ማመልከቻው ይጠይቃችኋል። የታካሚ ስም ግን ማስታወሻችሁ ላይ እንዳይገባ። ፎቶም አታንሱ።

ስለ ትምህርቱ ልናገር። ሜጀራችሁ ምንም ሊሆን ይችላል። ባዮሎጂ ግዴታ አይደለም፤ ሙዚቃ አጥንቶ የገባም አለ። ግዴታ የሆኑት ኮርሶቹ ናቸው፤ ባዮሎጂ፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማይክሮባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪም ይጠይቃሉ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያልና ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የምትፈልጓቸውን ትምህርት ቤቶች መስፈርት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሃይስኩል የወሰዳችሁት የኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ክሬዲት ይቆጠር እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት። አንድ ሲ አይገድላችሁም። ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ውጤት የሚያነብ ሰው አለ።

ፊዚክስ ላይ ግን እለምናችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ወደ ኋላ ትገፉትና አንድ ክረምት ውስጥ ሁለቱንም ሴሚስተር ትጨርሱታላችሁ። የጥርስ ሕክምና መግቢያ ፈተናው ዳት ፊዚክስ የለውም። የእኛው የኦፕቶሜትሪ መግቢያ ፈተና ኦኤቲ ግን ፊዚክስን ራሱን ችሎ ይፈትናል። ምክንያት አለው። ማይነስ 6 መነጽር የሚያደርግ፣ ማለትም ሩቁ በጣም የሚደበዝዝበት ሰው አስቡ። የሌንሱ መሐል ከዓይኑ መሐል በ5 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲባዛ በ6፣ 3 ፕሪዝም ዳዮፕተር ይሆናል፤ ይህ ሌንሱ ብርሃኑን ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚያጥፈው የሚለካበት ነው። ቁጥሩ በትክክል ታዟል፣ ሌንሱም ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ራሱን ያመዋል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሊሆንበት ይችላል። ያ ስሌት ሥራ ላይ ስትሆኑ በየጊዜው ይመጣባችኋል። ስለዚህ ስለ ብርሃንና ሌንስ የምትማሩበትን ሴሚስተር በደንብ፣ ረጋ ብላችሁ ውሰዱት።

ኦኤቲ አራት ክፍል አለው። የተፈጥሮ ሳይንሱ 40 የባዮሎጂ፣ 30 የጄኔራል ኬሚስትሪ፣ 30 የኦርጋኒክ ጥያቄዎች አሉት። ከዚያ የንባብ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ይከተላሉ። ኦርጋኒክንና ፊዚክስን ሳትጨርሱ አትቀመጡ። ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ነው። በእሱ ፋንታ ጂአርኢ የሚባለውን አጠቃላይ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ እያንዳንዱን አጣሩ።

ማመልከቻው ኦፕቶምካስ በሚባለው አንድ ሥርዓት በኩል ነው የሚገባው፤ በክረምቱ መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የመጡላቸውን እያዩ ነው የሚጠሩት፤ መቀመጫውም እየሞላ ይሄዳል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። የድጋፍ ደብዳቤ ከአንድ ኦፕቶሜትሪስት ቢኖራችሁ ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ ይጠይቁታል። ሁለት ወር ቀድማችሁ ለምኑ።

ፐርሰናል ስቴትመንታችሁን፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ የምትጽፉትን፣ በልጅነት መነጽራችሁ አትጀምሩት። መነጽር አድርጎ የዛፍ ቅጠል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ ታሪክ ደስ ይላል፤ ግን አንባቢዎቹ እሱን ደጋግመው አንብበዋል። ከናንተ መካከል እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ያስተረጎመ ስንት አለ! እናቴ ያልገባት ምን ነበር? ሐኪሙ ምን ሳይነግራት ቀረ? እኔስ የትኛውን ቃል ማስተርጎም አቃተኝ? ይህን ጻፉ። ኢንተርቪው ላይም ዞሮ ዞሮ የሚጠየቀው «ለምን ሜዲካል ስኩል አይሆንም?» ነው። ሻዶው ያደረገ ልጅ ያየውን ይናገራል እንጂ መልስ አይሸመድድም።

ስለ ገንዘብ ዝም ብዬ አላልፍም። ትምህርቱ ውድ ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ለሙያ ዲግሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው ደግሞ 200,000 ዶላር ላይ ተገድቧል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት የአራት ዓመቱን ሒሳብ ኑሮውን ጨምራችሁ በወረቀት ላይ ሥሩት። የግዛት ትምህርት ቤት ካላችሁ ልዩነቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት የሌላቸው አንዳንድ ምዕራባዊ ግዛቶች ዋይቺ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ለልጆቻቸው ይከፍላሉ። ሠራዊቱም፣ ባሕር ኃይሉም፣ አየር ኃይሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ በምትኩ የአገልግሎት ግዴታ አለበት።

ሁለት ቦታ ከተቀበሏችሁ በሕንፃው ውበት አትምረጡ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ ስንት መቶኛው ለሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ብሔራዊ የቦርድ ፈተና እንዳለፉ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። እሱን ከብድሩ ጎን አስቀምጡት። ከዚያ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ እስካሁን ስንት ታካሚ በእጅህ መርምረሃል? ያልገባህ ነገር ሲያጋጥምህ አስተማሪው ከጎንህ ነው ወይስ ሌላ ክፍል?