መናፍቅ የተባለ ሰው ለቅሶ ይደረሳል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው አዘዞ ነው። ከጽዋ ማኅበራችን አንድ ወንድም «ትምህርቱ ተጣሟል፣ መናፍቅ ሆኗል» ተብሎ ተባረረ። ሰሞኑን ደግሞ እናቱ ዐረፉ። እሳቸው እስከ መጨረሻው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። የማኅበሩ አስተባባሪ ሙሴያችን ግን «እዚያ ለቅሶ ቤት የረገጠ ከእኛ ጋር አይጠጣም» አለ። አንዱማ «ፋሲል ቢኖር ይሰቅለው ነበር» እያለ ይፎክራል። እውነት አባቶቻችን መናፍቅን የሚቀጡት እንዲህ ነበር? እኔስ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። መጀመሪያ ሄደሽ ለቅሶሽን ድረሺ፤ ሌላውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ። እናቲቱ ቆርበው ያረፉ ክርስቲያን ናቸው። ልጃቸው ምንም ቢል የእሳቸው ፍትሐትም ለቅሶም አይጎድልም። ለልጁም ቢሆን «አይዞህ» ማለት ከትምህርቱ ጋር መተባበር አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ያ ፎካሪ ወንድማችን ነገሩን ከሜዳ አላነሣውም። ግን ግማሹን ነው የያዘው።

የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ምክርና ግዝት ነው። ጌታችን በማቴዎስ 18 ለብቻ ምከሩ፣ ካልሰማ ከምስክር ጋር፣ ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን ንገሩ አለ። ጳውሎስም ለቲቶ አንድ ሁለቴ ከገሠጽኸው በኋላ ራቀው ብሎ ጻፈለት። ከዚያ ያለፈ ነገር አልጨመረም። በ325 ዓ.ም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) በኒቅያ ጉባኤ ሠለስቱ ምእት «ወልድ ፍጡር ነው» ያለውን አርዮስን ተከራክረው ረቱት፣ አወገዙት። ወደ ግዞት የሰደደው ግን ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ነው።

ይኸው ንጉሥ ከ10 ዓመት በኋላ ማንን አጋዘ መሰለሽ? አርዮስን የተከራከረውን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስን! ትሪየር ወደምትባል ሩቅ ከተማ ሰደደው። አትናቴዎስ በዕድሜው 5 ጊዜ ተሰዷል። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ደግሞ አርዮሳዊ ሆነና ለእኛው ለኢዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አቡነ ሰላማን ወደ እስክንድርያ ላክ፣ ሃይማኖቱ ይመርመር ብሎ። እንግዲህ አባታችን ከሣቴ ብርሃንም በአንድ ወቅት ተጠርጣሪ ነበሩ ማለት ነው። የቤተ መንግሥት ዱላ የያዘውን እንጂ እውነቱን አይለይም።

በዚያችው በትሪየር በ385 ጵርስቅልያኖስ የሚባል ጳጳስ ከተከታዮቹ ጋር በንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ። የተከሰሰበት ወንጀል አስማት ነው፣ ጠቡ ግን የሃይማኖት ነበር። ከሳሾቹም ጳጳሳት ናቸው። የቱሩ ማርቲን እንዳይገደል ለምኖ ነበር፣ አልሰሙትም። የሚላኑ አምብሮስዮስም ከእነዚያ ጳጳሳት ጋር አልተባበርም አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ ሲተረጉም የመናፍቃንን አፍ መዝጋት፣ ጉባኤያቸውን መበተን ይቻላል፣ መግደል ግን አይገባም ብሏል። ለስላሳ ሰው ስለሆነ እንዳይመስልሽ፤ በአንደበቱ እሳት ነበር። ምዕራባውያን ይህን ረስተው መርማሪ ችሎት እስከ ማቆም ደረሱ። የቦሄሚያውን ሰባኪ ያን ሁስን በ1415 አቃጠሉት። ፕሮቴስታንቶቹም አልቀሩም፤ በ1553 ሥላሴን የካደውን ሰርቬተስን በጄኔቫ አቃጥለዋል።

«ያ የፈረንጅ ነው» እንዳትዪኝ። ወደ ጎንደር እንምጣ።

ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሲመጣ የእኛን ካህናት እንደገና ክህነት ተቀበሉ፣ ሕዝቡንም እንደገና ተጠመቁ አለ። አገር በደም ታጠበ። በ1632 ሱስንዮስ ራሱ መረረውና ተወው፤ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የተባለው ያኔ ነው። ፋሲል ካቶሊክነትን ይሰብኩ የነበሩትን ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) አባረረ። ይህ ይገባኛል፤ ከኋላቸው የፖርቱጋል ጦር ይመጣል የሚል ስጋትም ነበረ። በ1638 ግን ካፑቺን የሚባሉ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ተሰቀሉ፤ እንደሚተረከው በገዛ የመታጠቂያ ገመዳቸው። በ1716 ሌሎች ሦስት የካቶሊክ ሰባኪዎች በድንጋይ ተወገሩ። ግንቡን የሚያስጎበኙ ልጆች ይህን ሲያወሩ ብዙም አልሰማሁም።

ወንድማችን የማያውቀው ቀጣዩን ነው። በዚሁ በ1716 የነገሠው ዳዊት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው በቅባትና በተዋሕዶ ክርክር ለቅባት ፈረደ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አንቀበልም ሲሉ ወታደር ላከባቸው፣ ጎንደር ውስጥ ተገደሉ። እንግዲህ የሞቱት የኛው የተዋሕዶ መነኮሳት ናቸው። «ንጉሡ ቢኖር ይሰቅለው ነበር» የሚል ሰው የትኛውን ንጉሥ እንደሚመኝ ይጠየቅ።

ከዚያ ቀደም ያለውንም ልጨምርልሽ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን በማለታቸው ተወግዘው፣ ክህነት ተከልክለው ለረጅም ዘመን ኖሩ። በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ዘርዐ ያዕቆብ ባለበት ጉባኤ የእነሱ ነገር ጸና። ዛሬ ሁለቱንም ሰንበት እናከብራለን፣ ኤዎስጣቴዎስንም ጻድቅ እንላቸዋለን። ያኔ አንዱ ተነሥቶ ሁሉንም በሰይፍ ቢጨርሳቸው ኖሮ?

ይህን ስል ሁሉም ትምህርት እኩል ነው ማለቴ አይደለም። አርዮስ ስቷል፣ ውግዘቱም ትክክል ነው። ወንድማችሁም በእውነት ስቶ ሊሆን ይችላል። ግን ማን መረመረው? ሙሴ ድግስ ያስተባብራል፣ ተራ ይጠብቃል፤ የማውገዝ ሥልጣን የለውም። «ምን ብለህ ነው የምታምነው?» ብሎ የጠየቀው አለ? ወይስ አንድ ቀን ስለ ስብከት ተከራከረና በዚያው ቀረ? እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ አይቻለሁ መሰለሽ።

ስለዚህ ሐዘኑ በረድ ሲል የማኅበሩን ቄስ ይዘሽ ለብቻው አነጋግሩት። ሰው ፊት አይሁን። ካልተግባባችሁ የንስሐ አባቱ ይስሙ፣ ከዚያ ሰበካ ጉባኤው ያውቀዋል፤ ነገሩ ከከበደ ወደ ሀገረ ስብከቱ ሊቃውንት ይላካል። ጽዋውን እስከዚያ ይታገሥ፤ ጸሎት ያለበት ስለሆነ እኔም አልደፍረውም። ዕድሩ ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ ይተከልላቸው፣ ወንበሩም ይሂድ፤ ሙሴው ካስቸገረ እኔ ጋ ላኪልኝ።