«ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስም»

ጥያቄ፦ ልጄ ቤት ነው የተወለደችው፤ አልተመዘነችም። ዛሬ 4ኛ ቀኗ ነው። ነርስ የሆነች ጎረቤቴ ደረቷን በሜትር ለክታ 28 ሳንቲ ሜትር ሲሆን «ክብደቷ ሳያንስ አይቀርም፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አለችኝ። ሜትር እንዴት ኪሎ ይናገራል? ልጅቷ እኮ ጨዋ ናት፤ አታለቅስም፣ ጡት ሁለት ሦስቴ ስባ ትተኛለች። እንዳይርባት የስኳር ውሃ በማንኪያ እሰጣታለሁ። እርጉዝ ሳለሁ በደንብ አለመብላቴ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ቀኗ ሳይደርስ ተወልዳ ወይም ማሕፀን ውስጥ እድገቷ ተጓትቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚያያት ሐኪም ይለየዋል። ትንሽ ሆነው ተወልደው፣ በጊዜ ታይተው ደህና ያደጉ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ጎረቤትዎ ልክ ናት። ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ ነው እንላለን። ሚዛን ከሌለ ሜትሩን በጡቶቹ ጫፍ ላይ አሳልፈን ደረቱን እንለካለን። ሥጋና ስብ ሲጎድል ደረት ያንሳል፤ ጭንቅላት ግን የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ያታልላል። መለያው ከቦታ ቦታ ትንሽ ቢለያይም 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሜትሩ ኪሎዋን አይነግርዎትም፤ «ሂጂና አስመዝኚ» ነው የሚለው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን 28ቱ አይደለም፤ «ጨዋ ናት» ያሉት ነው። የ4 ቀን ሕፃን ጨዋነት አያውቅም። ሲርበው ያለቅሳል፤ በቀንና ሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ ይጠባል። ትንሽ ሕፃን ዝም ካለ አቅም አጥቶ፣ በርዶት ወይም ኢንፌክሽን ይዞት ይሆናል። ትኩሳት ጭራሽ ላይኖረው ይችላል። እስቲ በእጅዎ ጀርባ መጀመሪያ ሆዷን፣ ቀጥሎ እግሯን ይንኩ። ሆዷ ሞቆ እግሯ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሯታል። ሆዷም ከቀዘቀዘ በጣም በርዷታል ማለት ነው። እንዲህ የበረደው ሕፃን ለማልቀስም ለመጥባትም ጉልበት የለውም፤ ቤተሰቡ ደግሞ «አርፎ ተኛ» ይላል። ስንቴ እንደሰማሁት!

የስኳር ውሃውን አሁኑኑ ያቁሙ። ሆዷን ይሞላል እንጂ አያሳድጋትም፤ ያቺኑ ጥቂት የመጥባት ፍላጎቷንም ይወስድባታል። ደግሞስ ነርስ «ውሰጃት» ካለች በኋላ ለእኔ መጻፍ ምን አስፈለገ? መንገድ መጀመር ነበር እንጂ!

አይዞዎት፤ ግን ለነገ አይበሉ። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገውላት፣ ራቁት ደረትዎ ላይ፣ በጡቶችዎ መካከል ቀጥ አድርገው ይለጥፏት። ከላይ ልብስ ደርበው፣ እንደታቀፏት ይሂዱ። አፍንጫዋ እንዳይታፈን ፊቷን ወደ ጎን ያዙሩላት።