የቮልስህ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሳ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በፈረንጆች 1972 የተሠራችው ቮልስህ ሁለተኛ ማርሽ ስትፈልግ የኋላ ማርሽ እየገባ እንዳስቸገረህ፣ መቀየሪያውም በእጅህ ላይ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ እንደሚል፣ መካኒኩ ደግሞ «ሞተር ወርዶ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይከፈት» እንዳለህ ጽፈሃል። እባክህ እሺ አትበለው። ቢያንስ አንድ ቅዳሜ አቆየው።

እኔ እሺ ብዬ ነበር። የእኔም ቮልስ ሕመሟ ልክ አንተ የጻፍከው ነው። የወሰድኳት ጋራዥ ሞተሩን አወረደ፣ ካምቢዮውን አወረደ፣ ከፈተ፣ ጥርሶቹን አጥቦ ጨርቅ ላይ ደርድሮ አሳየኝ፤ አንድም የተበላ አልነበረም። ተገጥማ ስትመለስ ሁለተኛ ማርሽ አሁንም የለም። ችግሩን ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ነው። መቀየሪያውን ነቅዬ በቀዳዳው መብራት ሳበራ የማርሹን ዘንግ የሚሸከመው የፕላስቲክ ቦኮላ (ዘንጉ የሚያልፍበት ቀለበት) ፈርሶ አየሁት። በጣቴ ስነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። መዳፌ ላይ የቀረው ጥቂት የገረጣ ስብርባሪና አንዲት የሽቦ ቀለበት ብቻ ነው። ሙሉ የካምቢዮ ሥራ የከፈልኩት ለዚያች ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ካምቢዮ ያለው ከኋላ ነው፣ መቀየሪያው ግን ከፊት። ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉን ከፊት በኩል ያ ቦኮላ ይሸከመዋል፤ ከኋላ ደግሞ ጎማ ያለበት መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጋር ያያይዘዋል። ፕላስቲክና ጎማ ሃምሳ ዓመት አይቆይም። ቦኮላው ሲያልቅ ዘንጉ ይረግባል፣ እጅህ ያዘዘውና ካምቢዮው የሰማው ይለያያል። የኋላ ማርሽ የሚገባው መቀየሪያውን ወደ ታች ተጭነህ፣ ወደ ግራና ወደ ኋላ ስትስበው ነው፤ ማለትም የሁለተኛ ማርሽ የቅርብ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱ መምታታታቸው የካምቢዮ ጥርስ ተበላ ለማለት አያበቃም።

መጀመሪያ ምንም ሳትፈታ ይህን ሞክር። ሞተሩን አጥፋ፣ ፍሪሲዮኑን ርገጥና አራቱንም ማርሾችና የኋላውን አስገባ። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ያለ ችግር ከገቡ፣ ሞተር ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ ወይም የኋላ ማርሽ ሲገባ ከጮኸ፣ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ በደንብ አለመላቀቁ ነው። የፔዳሉን ባዶ እንቅስቃሴ (ሳይከብድህ የሚወርደውን ያህል) ለካ፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከበዛ ከካምቢዮው በግራ በኩል የካቦው ጫፍ ላይ ያለውን ባለክንፍ ዳዶ አጥብቅ። ሞተር ጠፍቶም ማርሹ ከጠፋብህ ግን ወደ ዘንጉ እንሂድ። አንተ ከጻፍከው ስነሳ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

የኋላ ወንበሩን ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ባትሪው የተቀመጠው ከዚያው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ሞላዎች የባትሪውን ጫፍ ከነኩ ብልጭታ ይነሳል፣ የወንበሩ ሙሌትም ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ቮልሶች በዚህ ምክንያት ተቃጥለዋል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ሳትፈታ ሥራ አትጀምር፤ ስትጨርስም የባትሪው ክዳን በቦታው መኖሩን አረጋግጥ።

ወንበሩ ሲነሳ በዋሻው ጫፍ ላይ በአንድ ቪቴ የተያዘች ትንሽ ክዳን ታያለህ። ክፈታትና ከፊት የሚቀመጥ ሰው ፈልግ። እኔ ልጄን አስቀምጬ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያልኩ ራሴ ከኋላ አጎንብሼ ነው ያየሁት። የመጋጠሚያው የፊት ጎን ተንቀሳቅሶ የኋላው ዘግይቶ ከተከተለ ጎማው አልቋል። መጋጠሚያውን የሚይዘውን ጫፈ ሹል ቪቴም ተመልከት፤ ከጉድጓዷ ወጥታ ከላላች ብቻዋን ይህን ሁሉ መከራ ታመጣለች። ስትመልሳት በትክክል ጉድጓዷ ውስጥ አስገብተህ አጥብቃት፣ እንዳትፈታም በሽቦ እሰራት። ብዙ ሰው ሽቦውን ይዘለዋል፤ አንተ አትዝለለው።

አሁን ወደ ፊት። መቀየሪያው በሁለት ቡሎኖች ነው የታሰረው፣ 13 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ከመፍታትህ በፊት ግን መቀየሪያው ወለሉ ላይ የተቀመጠበትን ዙሪያ በምስማር ጭረህ ምልክት አድርግ። ከሥሩ የምታገኘው የብረት ሳህን የኋላ ማርሽ ሳትጫን እንዳይገባ የሚከለክለው ነው፤ በየት በኩል እንደነበረ ፎቶ አንሳው። እኔ ሳላነሳ ፈትቼ ገልብጬ በመግጠሜ ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል። ቦኮላው ከፈረሰ መጋጠሚያውን ከኋላ ፍታ፣ ዘንጉን ከቦኮላው እስኪላቀቅ ወደ ኋላ ግፋው፣ አሮጌውን ስብርባሪ ሁሉ ልቀም። አዲሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ካቆየኸው ይለሰልሳል፣ ቦታው ላይም ሳይሰነጠቅ ይቀመጣል። የሽቦ ቀለበቷን አትርሳ። ዘንጉን፣ የመቀየሪያውን ክብ ጫፍና ሳህኑን ግራሶ ቀባ።

ቦኮላውንም የመጋጠሚያውን ጎማም እኔ ያገኘሁት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገለ ቦኮላ ግን አትግዛ፤ ሁለተኛ ትፈታዋለህ።

ስትገጥም ቡሎኖቹን አላልተህ ያዝ፣ መቀየሪያውን ወደ ምልክትህ መልስና ሁሉንም ማርሾች ሞክር። ሁለተኛና የኋላው አሁንም ከተምታቱ የመቀየሪያውን መቀመጫ በጥቂቱ እያንቀሳቀስክ ደግመህ ሞክር። የምልህ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ነው። የኋላ ማርሽ ሳትጫን የሚገባ ከሆነ እንደዚያ ሆና ወደ መንገድ እንዳታወጣት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ዘንጉና መጋጠሚያው ደህና ሆነው፣ ሌሎቹ ማርሾች ያለ ችግር እየገቡ ሁለተኛ ብቻ እየጮኸ ከገባ፣ ወይም ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ስትለቅ ራሱ የሚወጣ ከሆነ የካምቢዮውን ጎሚኒዎች (ካምቢዮው የታሰረባቸውን ጎማዎች) እይ፤ ተቀደው ካልሆነ መካኒክህ ትክክል ነው፣ ካምቢዮው ይከፈት። ያኔ ሞተሩ ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ዲስክና ተሸካሚውን፣ እንዲሁም ከሞተሩ በኩል ዘይት የሚያግደውን ጎማ አብረህ አስለውጥ፤ ለእነሱ ሲባል ሌላ ጊዜ እንደገና እንዳይወርድ።