የጀልባ ሆድ ማሳለፊያ ሲበላ፦ ጥያቄና መልስ ከሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ ጅቡቲ ወደብ 9 ዓመት ጀልባ ስጠግን ቆይቼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ስለ አንድ ነገር ጠይቁኝ፦ የፋይበር ጀልባን ሆድ በስቶ ውሃ የሚያስገባው ወይም የሚያስወጣው የብረት ማሳለፊያ ሲበላ እንዴት ይነቀላል፣ በምንስ ይተካል። አስቀድሜ ልናገር። ጀልባው ውሃ ላይ ሳለ ማንም ጅራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) እንዳያነሳ። የኛ ሐይቅ ጥልቁ ጋ ከ80 ሜትር ያልፋል።

ጥያቄ፦ ማሳለፊያው መበላቱን በምን አውቃለሁ? ላየው ደህና ይመስላል።

መልስ፦ እንኳን ጠየቅህ። ዋናው ይሄ ነው። ገበያ ላይ ቢጫ ብረት ሁሉ "ብራስ" ይባላል። አንድ አይደለም። ለቤት ቧንቧ የሚሸጠው ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ዚንኩ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ውሃ ውስጥ ሲከርም ዚንኩ ቀስ እያለ ይወጣል። መዳቡ ብቻውን እንደ ስፖንጅ ተቦርብሮ ይቀራል። ቅርጹም መጠኑም ስለማይለወጥ ጤነኛ ይመስላል። ስትነካው ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ጀልባውን መሬት ላይ አውጣ። አረንጓዴውን ዝገት በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርግ። ከሥሩ ቢጫ ከወጣ ጥሩ ነው። ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከወጣ አልቆለታል። በትንሽ መዶሻም ነካ አድርገው። ደህናው ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው።

የምትተካው በነሐስ (ብሮንዝ) ይሁን። ለጀልባ የሚሠራው አንዱ ዓይነት 85 በመቶ መዳብ ነው፤ ቲን፣ ዚንክና እርሳስ እያንዳንዳቸው 5 በመቶ አላቸው። ጅቡቲ በዚያ ጨው ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ደህና ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የቤት ቧንቧ ኒፕል ጀልባ ሆድ ላይ የገጠመ ሰው ሳይ ያመኛል። ሰው ነው የሚሳፈርበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጀልባዬ ያፈሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከየት በኩል? ማሳለፊያውን ከውስጥ ከሚያጠብቀው ዳዶ ሥር? ከቱቦው? ከቫልቩ? ፎቶ አንስተህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዳዶው አልፈታ አለ። ጅራቱቦው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ልሳበው?

መልስ፦ ተው! ማሳለፊያው ሲዞር ፋይበሩን ይዞ ይሰነጥቀዋል። በእሳትም አታሙቀው፣ ፋይበሩ ይቃጠላል።

የሚፈታ ከሆነ እንዲህ ሞክር። ብዙ ማሳለፊያ ከውጭ አፉ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉት። ቶርኖ ቤት ሄደህ ለአፉ ልክ የሆነ ወፍራም ላሜራ አስቆርጥ። አንድ ሰው ከውጭ በእሱ ይያዝ፣ አንተ ከውስጥ ዳዶውን ፍታ። ዝገት መፍቻ ዘይት ቀብተህ አሳድረው።

እምቢ ካለ በግራይንደር ከውጭ ያለውን ከንፈሩን ቀስ እያልክ ፍጨው። ሲሳሳ ቀለበቱ ተላቆ ይወድቃል። ከዚያ የቀረውን ወደ ውስጥ ግፋው። ዲስኩ ፋይበሩን እንዳይነካ። መነጽርና ማስክ አድርግ፣ የፋይበር ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

ከወጣ በኋላ የቀዳዳውን ጠርዝ በደንብ እይ። በሁለት ፋይበር መካከል እንጨት ያለበት ጀልባ አለ። እንጨቱ ከረጠበ የላላውን ፈልፍለህ አውጣ፣ አድርቀው፣ በኢፖክሲ ሙላው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። በዓመቱ ሆዱ እንዳለ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ በሲሊኮን ልግጠመው?

መልስ፦ ከውሃ መስመር በታች አይሆንም። ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሬታን ተጠቀም፣ ለምሳሌ ሲካፍሌክስ 291።

ሌላ አባል፦ እኔ ሮቶዬ ላይ ሲሊኮን አድርጌ ይኸው 3 ዓመቱ፣ ጠብ አላለም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሮቶ ቢያፈስ ግቢህ ይረጥባል። ጀልባ ቢያፈስ ሰው ይሰጥማል። ምን አገናኘው?

ሌላ አባል፦ ስለ ሮቶ ከተነሳ፣ የኔ የታችኛው መውጫ ዝጓል። ደሴ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ የምታውቁ?

መልስ፦ ሮቶውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ፣ አዲሱን ቦል ቫልቭ ማሳለፊያው ላይ ሳዞረው 3 ዙር ሄዶ ቆመ። ቴፍሎን ላብዛበት?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ቴፍሎን አያድነውም። የማሳለፊያው ጥርስ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የቫልቭሽ ጥርስ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ለዚህ ነው የቆመው። በ3 ዙር የተንጠለጠለ ቫልቭ አንድ ሰው በእግሩ ቢመታው ይገነጠላል። ባለ 25 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ያስገባል። በየደቂቃው ሁለት ጄሪካን ማለት ነው። ጥርሱ ልክ የሆነ ቫልቭ ፈልጊ። ቱቦውንም በሁለት ፋሼታ እሰሪው።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ ከሻጭ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጀልባውን ማውጣት ከባድ ነው። እዚያው ዳር ላይ እያለ ቶሎ ብዬ ብቀይረውስ?

መልስ፦ መግቢያው ላይ ተናግሬያለሁ። አይሆንም። 10 ሰው ጠርታችሁ ጎትቱት።

ጥያቄ፦ የኔ ነሐስ ነው ብለውኝ ገጠምኩት። በ2 ወር ተበላ።

መልስ፦ ከባትሪው ጀምር። ልባሱ የተላጠ የፖዘቲቭ ሽቦ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ከነካ ደህናውን ነሐስ እንኳ በሳምንታት ይበላዋል። ሽቦውን ሳታስተካክል አዲስ አትግዛ።

ሌላ አባል፦ እኛ ድሮ ቫልቭ ቢገነጠል ቀዳዳውን የምንደፍንበት የእንጨት ውታፍ ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጎን እናስር ነበር።

መልስ፦ አላህ ይስጥህ፣ ረስቼው ነበር። ሾጠጥ ያለ፣ በገመድ እዚያው የታሰረ ይሁን። ከዋንዛ ይጠረብ።

ሌላ አባል፦ ጽድ ይሻላል፣ አይበሰብስም።

ሌላ አባል፦ ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳውን ይሞላል እንጂ!

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። ዋናው ጀልባው ላይ መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ትናንት ገጥሜ ጨርሻለሁ። ነገ ውሃ ላስገባው?

መልስ፦ ማጣበቂያው ላይ የተጻፈውን ቀን ጠብቅ፣ ቀናት ይፈልጋል። ስታስገባው ገመዱን ከዳር እሰር፣ ሰው አታሳፍር። በማሳለፊያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አድርግና እዚያው እደር። ሶፍቱ ከረጠበ ሳይነጋ አውጣው።