ያቺ የዴክሳ ብልቃጥ፦ ስለ ዓይን ጠብታ ጥያቄና መልስ

ጅማ ከተማ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ዓይን ጠብታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። አንዷን ጥያቄ ግን ከሁሉ አስቀደምኳት። ምክንያቱን ስታነቡት ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄን ሁለቱም ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ሲያሽ ይውላል። ዴክሳ ሳደርግለት በአንድ ቀን ይተወዋል። ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ዴክሳ የምንለው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ስቴሮይድ ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ያበርዳል። ማሳከኩን የሚያመጣው አለርጂ ግን እዚያው ስለሆነ ብልቃጡ ይደጋገማል። ሳምንታት ሲያልፉ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ይችላል። ይሄ ነው ወደ ግላኮማ የሚወስደው። አያምም፤ ዓይኑም ነጭ ሆኖ ያምራል። ልጅ ደግሞ «ከዳር ከዳር አይታየኝም» ብሎ አይነግርሽም። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ዴክሳው ሲቆይ የዓይን ሞራም ያመጣል።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ባዶ ብልቃጥ ይዛ መጥታ «እንደዚህ ያለውን ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ሌላ ብልቃጥ አትግዢ። በዚህ ሳምንት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ውሰጂውና ግፊቱ ይለካ። ስንት ብልቃጥ እንደጨረሰ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ማንም አይቆጣሽም፣ ቢቆጣሽም ተናገሪ። እስከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በተዘጋ ዓይኑ ላይ አድርጊለት። ማሸት የዓይኑን ፊት ቅርጽ ሊያበላሽ ስለሚችል እጁን ያዥው። ክሮሞግላይኬት የሚባል ጠብታ ሊያዙለት ይችላሉ። እሱ እንደ ዴክሳ በአንድ ቀን አያስደስትም፤ ባያሳክከውም በየቀኑ መደረግ አለበት። ሐኪሙ ራሱ ለጥቂት ቀን ስቴሮይድ ቢያዝ አትደንግጪ፣ እየተከታተለው ነው። ብዙ ልጆች ጎረምሳ ሲሆኑ ይተዋቸዋል። እስከዚያ ዓይኑን ማትረፍ ነው የኛ ሥራ።

ጥያቄ፦ ሊሙ ቡና ስንለቅም ቅርንጫፍ ዓይኔን ገረፈኝ። ሦስት ቀኑ ነው፤ ብርሃን ማየት አቃተኝ። ጎረቤቴ የራሱን ጠብታ ሰጠኝ። ላድርገው?

መልስ፦ እንዳታደርገው ወንድሜ። ቅርንጫፍ ፈንገስ ይዞ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠብታው ስቴሮይድ ካለበት ለፈንገሱ በር ይከፍትለታል፤ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ይቆስልና ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ዛሬውኑ ሂድ። ለቀማው ይደርሳል። ሌሎቻችሁም ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካያችሁ ያለ ሐኪም አትንኩት።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ቀላ፤ ጠዋት በዓይናር ተጣብቆ አገኘዋለሁ። ቴትራሳይክሊን ይበቃኛል?

መልስ፦ ባክቴሪያ ከሆነ ቴትራሳይክሊን ቅባት ወይም ክሎራምፌኒኮል ጠብታ ያሽለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ቫይረስ ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ራሱ ይሄዳል። ፎጣህን ለይ፣ እጅህን ታጠብ። ሕመም ካለው ወይም እይታህ ከደበዘዘ ወደ ሐኪም ሂድ።

ጥያቄ፦ የ5 ቀን አራስ ናት፤ ዓይኗ አብጦ መግል ይወጣዋል። አያቷ የጡት ወተት ጨምሩበት ይላሉ።

መልስ፦ አትጨምሩ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት! ከእናት በወሊድ ጊዜ የሚተላለፍ ጨብጥ ከሆነ በቀናት ውስጥ ዓይኗን ሊያጠፋው ይችላል። ጠብታ ብቻውን አይበቃም፤ መርፌ ያስፈልጋታል። እናትና አባትም ይታከማሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ ለግላኮማ ቲሞሎል ጀምሯል። አስም አለበት፤ ከጀመረ ወዲህ ትንፋሽ ያጥረዋል።

መልስ፦ ጠብታው ሊሆን ይችላል። ቲሞሎል በአፍንጫ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ አስም ላለበት ሰው አይሰጥም። አስም እንዳለባቸው ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሩት፤ በሌላ ይቀይርላቸዋል። ትንፋሹ ከባሰ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ግን ያለ ምትክ እንዳይቀሩ፤ የግላኮማ ጠብታ የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውን ነው የሚጠብቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጠብታ ሲያይ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል። ግማሹ ጉንጩ ላይ ይፈሳል።

መልስ፦ ይጨፍን። በጀርባው አስተኚውና በአፍንጫው በኩል ባለው የዓይኑ ጥግ አንድ ጠብታ አድርጊ። ሲገልጥ ራሱ ይገባል። አዋቂ ከሆነ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ ጥጉን 2 ደቂቃ ጫን። የብልቃጡ ጫፍ ዓይን አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቅባት መጨረሻ ነው።

ጥያቄ፦ ከተከፈተ ስንት ጊዜ ይቆያል? ፍሪጅ የለኝም።

መልስ፦ አብዛኛው 28 ቀን። የከፈትሽበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ። ክሎራምፌኒኮል ጠብታ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ከሌለሽ ቅባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የዓይኔ ፀጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ይወጋኛል። በወረንጦ እነቅላለሁ፣ ተመልሶ ይበቅላል። የሚያጠፋው ጠብታ አለ?

መልስ፦ የለም እማማ። ይሄ የዓይን ማዝ ያመጣው ነው፤ መድኃኒቱ ቆቡን የሚያስተካክል ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው። ቆቡ ተደንዝዞ ይሠራል፣ በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ። ሲሄዱ ግን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ዓይንዎ ተሸፍኖ ነው የሚመለሱት።